በወበቅ ወር የተወራ ብርድ

ከዴድዛ ተራራ ስወርድ እናቴ በእንጨት ሳጥኔ ውስጥ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስና ራሷ የሠራችውን የሱፍ ሹራብ አስቀመጠችልኝ። «የሰው አገር ነው፤ ማን ይደርብልሻል?» አለችኝ። ከተራራችን ወርዳ አታውቅም ነበር። ለእሷ ሩቅ አገር ማለት ከእኛ የባሰ የሚበርድ አገር ማለት ነው።

ባለቤቴ ዳምሶን ከሺሬ ወንዝ ታችኛው ቆላ ነው፤ ዓሣ አጥማጅ። በእኛ ወግ ወንዱ ነው ወደ ሚስቱ ቤት የሚገባው፤ በእነሱ ግን ሴቲቱ ናት ተነሥታ የምትሄደው። አጎቶቼ ተሰብስበው «ለምን እዚሁ ከእኛ ጋር አትኖርም?» ሲሉት አንገቱን ደፍቶ «እሺ፣ ግን እዚህ ምን ላጥምድ? ጉም?» አላቸው። ትልቁ አጎቴ ሳቅ አመለጠው፤ ጉዳዩም በዚያው አለቀ።

አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ሲጀምር ሹራቤን ለብሼ ነበር። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ አወለቅኩት። ሁለተኛው ላይ ሻሼን ፈታሁ። ከዚያ በኋላ የሚወለቅ ነገር እያለቀብኝ ሄደ። ጆሮዬ ተደፈነ፤ አየሩ ወፈረ፤ ላም አፍንጫዋን ፊቴ ላይ አስጠግታ የምትተነፍስብኝ መሰለኝ። ከታች ሜዳው ነጭ ጭጋግ ለብሶ፣ መሐሉ ላይ ወንዙ እንደወደቀ መቀነት ተጋድሟል። ዳምሶን ከጎኔ ተኝቶ ነበር፤ ድንገት ነቃና አየሩን አሸተተ። «ደረስን፤ አገሬ ሸተተኝ» አለ ፈገግ ብሎ። እኔን የሸተተኝ ጭቃ፣ ዓሣና የተቃጠለ ሣር ነው።

መንደሩ ቺኮንጄ ይባላል፤ ከወንዙ ጥቂት ገባ ብሎ ያለ ነው። የአማቴ የኛዛሎ ግቢ መሐል ላይ አንድ ትልቅ የሁመር ዛፍ አለ፤ ጥላው ሦስት ቤት ያህል ይሸፍናል። ሴቶቹ እዚያ ጥላ ሥር ሳጥኔን ከበው የሙሽራ ዕቃ ማየት ጀመሩ። ድስቱን አዩ፣ ሽርጦቹን አዩ፣ ከሥር ደግሞ ብርድ ልብሱን አገኙት። ሜሪፋ የምትባለው ጎረቤት ሕፃን ልጇን እንዳዘለች ብድግ አድርጋ ያዘችው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ብርድ ልብስ ነዋ» አልኩ።

«ልብሱስ እሺ፤ ብርዱን ከየት እናምጣለት?»

ሣቁ ከዛፉ ወፍ አስነሣ። ፊቴ ጋለ። ኛዛሎ ብቻ አልሳቀችም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ነበረች። ብርድ ልብሱን ከሜሪፋ እጅ ወስዳ በመዳፏ ዳሰሰችው፤ አጥፋ ወደ ሳጥኑ መለሰችውና «ይቀመጥ» አለች። 

በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘገየ። ከዝናቡ በፊት ያለው ወር እዚያ ሜዳ ላይ ምን እንደሚመስል ላልኖረበት ማስረዳት ይከብዳል። ፀሐዩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥላ ይበቃ ነበር። ወበቁ ግን ጥላም ውስጥ ይገባል። ወንዙና ረግረጉ ቀኑን ሙሉ ይተነፍሳሉ፤ ትንፋሻቸው ሰው ላይ ይለጠፋል፤ የታጠበ ልብስ አይደርቅም፤ ጨው በዕቃው ውስጥ ውሃ ያወጣል። ደመና ከሰዓት በኋላ ይሰበሰባል፤ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያየዋል፤ ከዚያ ደመናው ሐሳቡን ይቀይርና ይበተናል።

ሰዎቹ የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። በመጀመሪያው ዶሮ ጩኸት ይነሣሉ። ኮከብ ሳይጠፋ እርሻ ላይ ናቸው። አራት ሰዓት ሲሆን፣ እኛ አገር ሥራው ገና የሚሞቅበት ጊዜ፣ ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ይመለሳሉ። ከዚያ እስከ አሥር ሰዓት ማንም አይንቀሳቀስም። ግማሹ አሸዋ ውስጥ ከተቀበረው ጋን እየቀዱ የሁመር ጎምዛዛ ፍሬ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ትንሽ ጨው ጣል አድርገው ይጠጣሉ። መሬቱን ውሃ ይረጩታል፤ ምንጣፉን ያረጥቡታል፤ ተራርቀው ይጋደማሉ። ሰው ሰውን አይነካም። ሜሪፋ «በዚህ ወር ባሏ የሚናፍቃት ሴት ካለች አሳዩኝ» ትል ነበር። ፍየሎቹ ከጎተራው ሥር፣ ዶሮዎቹ አፋቸውን ከፍተው ከጋኑ ጥግ፣ ሰዎቹ ከዛፉ ሥር፣ ሁሉም ዓይኑን ግማሽ ጨፍኖ ይቀመጣል። ሲያወሩ እንኳ ቃሉ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ሙሉ መንደር ነቅቶ ሕልም የሚያይ ይመስል ነበር።

እኔ ግን ሥርዓት መሆኑ አልገባኝም። ስንፍና ነው ብዬ ደመደምኩ። እኛ ተራራ ላይ የምንኖር ሰዎች ከጠዋት እስከ ማታ ድንች ስንቆፍር ነው የምንውለው፤ ቀን የሚተኛ በሽተኛ ብቻ ነው። ለዳምሶን ነገርኩት።

«እናትህ ቀኑን ሙሉ ተኝታ ነው የምትውለው?»

«አልተኛችም፤ እየጠበቀች ነው።»

«ምኑን?»

«ፀሐዩ እስኪያልፍ ነዋ» አለ፤ ጥያቄዬ እያስገረመው።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ዳምሶን ታንኳውን ይዞ ወደ ረግረጉ ሄደ። አጥማጆቹ እዚያ ተንሳፋፊ ሣር ላይ ጎጆ ሠርተው ዓሣ እያጨሱ ብዙ ቀን ይቆያሉ። እኔና ኛዛሎ ብቻችንን ቀረን። በመሐላችን ጠብ አልነበረም፤ ወሬም አልነበረም። እኔ ምን እንደማስብ ግን ታውቅ ነበር። በቆሎ ልወቅጥ በቀትር ሙቀጫውን ወደ ፀሐይ ስጎትት ቀና ብላ ታየኛለች፤ አንገቷን መልሳ ታጋድማለች።

አንድ ቀን አራት ሰዓት ላይ ለማሽላው ከምንቆፍረው ማሳ ስንመለስ እኔ ቆምኩ።

«እማማ፣ እርስዎ ይሂዱ። እኔ ይችን ጫፍ ልጨርሳት።»

«አያልቅም» አለችኝ።

«ለእኔ ያልቃል።»

አየችኝ። «በይ» ብላ ሄደች።

በመጀመሪያው ቀን ጨረስኩት። ራሴ ይመታ ነበር፤ ግን ዶማዬን ይዤ በመንደሩ መሐል ሳልፍ አንገቴን ቀና አድርጌ ነው። ሽማግሌው አባባ ፎምቤ ከምንጣፋቸው ሳይነሡ «የደጋዋ ሙሽራ ፀሐይን ልትጥላት ነው መሰለኝ» አሉ። «ኧረ ተዋት አባባ፤ ላቧን ወንዝ ሠርታ ዓሣ ልታጠምድበት ነው» አለች ሜሪፋ። በሁለተኛው ቀንም ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ጥርሴን ነክሼ ሄድኩ፤ ጠዋት ስነሣ አፌ ደርቆ ነበር፤ ግን እልህ ይዞኛል።

ስድስት ሰዓት ገደማ ላቤ ቆመ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ለመድኩት ማለት ነው ብዬ። ቀጥሎ ክንዴ ላይ ያለው ጠጉር ሲቆም አየሁ። በረደኝ። እውነቴን ነው፤ በዚያ ማሳ መሐል በረደኝ። ቀና ስል ከማሳው ጫፍ ጉም መጣ። እኛ አገር እንደሚመጣው ነው የመጣው፤ ዝቅ ብሎ፣ ነጭ፣ እንደ በግ መንጋ እየተከታተለ። ከጉሙ ውስጥ የመንደራችን ምንጭ ድምፅ ይሰማኛል፤ ድንጋይ ላይ የሚሰበር ቀዝቃዛ ውሃ። እናቴም «ማሊታ! ሹራብሽን!» እያለች ትጠራኛለች። ዶማውን ጣልኩትና ሄድኩ። አላመነታሁም። ልቤ እንደዚያ ቀን ቀልሎኝ አያውቅም። የተለቀመውን የጥጥ ማሳ አለፍኩ፤ ነጩን አሸዋ አለፍኩ፤ ውሃው ቁርጭምጭሚቴን ነካኝ፣ ጉልበቴን ነካኝ። ሰውነቴን ልጥልበት፣ ፊቴን ልደፋበት ነበር ሐሳቤ።

ከኋላዬ አንድ እጅ ወገቤ ላይ ያለውን ሽርጥ ጨበጠ።

ኛዛሎ ነበረች። ሻሿ ወድቆ ሽበቷ ተበትኗል። አልጮኸችም፤ አልጎተተችኝም፤ ዝም ብላ ይዛኝ ቆመች።

«ጉሙን አዩት እማማ?» አልኳት።

«አዎ፣ አየሁት» አለች በቀስታ። «አሁን ነይ።»

«ትንሽ ብቻ ልተኛበት።»

«ቤት ትተኛለሽ። ነይ ልጄ፤ ወደኔ ዙሪ። ጎሽ። አንድ እግር። ሌላውን።»

እንደዚያ እያለች ወደ ኋላ አወጣችኝ። ሴቶቹ ውሃ የሚቀዱበት ቦታ በግንድ የታጠረ ነው፤ እኔ የገባሁት ከአጥሩ ውጪ ነበር። ውሃው ውስጥ ማን እንደሚኖር የመንደሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። በዚያ ወር አዞዎቹ አንድ ጥጃ ወስደዋል።

ከዚያ በኋላ ያለውን የማስታውሰው ተቆራርጦ ነው። ሁለት ወንዶች ተሸክመውኛል። ከዛፉ ሥር ነኝ፤ ብብቴና አንገቴ ላይ እርጥብ ጨርቅ አለ። ሜሪፋ በሰፌድ ታራግብልኛለች፤ እያለቀሰች ትሰድበኛለች፤ «አንቺ ግትር! አንቺ የድንች ልጅ! ባልሽ ሲመጣ ምን ልንለው ነበር?» የሁመር ውሃ በጠብታ በጠብታ አፌ ውስጥ ይገባል። ከቅጠሉ መሐል ፀሐይ እንደ ሳንቲም ይረግፋል። ሲመሽ ራሴን አወቅኩ።

የመጀመሪያው ያየሁት ነገር የኛዛሎ እግር ነው። ከጎኔ ተቀምጣ፣ ሁለት እግሯን ዘርግታ፣ ውስጥ እግሯ ወደኔ ዞሯል። ቆዳው ተነሥቶ ውሃ ቋጥሯል፤ አንዳንዱ ፈንድቶ ሥጋው ቀልቷል። ሜሪፋ ናት የነገረችኝ። ኛዛሎ ምንጣፏ ላይ ተጋድማ ከሩቅ ማሳው ውስጥ የእኔን ቢጫ ሽርጥ ትጠብቅ ኖሯል፤ በሦስቱም ቀን። ሽርጡ ወደ ቤት በመምጣት ፈንታ ወደ ወንዙ ሲሄድ ባየች ጊዜ ጫማዋን እንኳ ሳትፈልግ ተነሥታ ሮጠች። በቀትር፣ በዚያ አሸዋ ላይ፣ ባዶ እግሯን። ፎምቤ «በሰባ ዓመቴ ኛዛሎ በቀትር ስትራመድ አይቼ አላውቅም» አሉ፤ በዚያ ማታ ማንም አልቀለደም።

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት እንባ ቀደመኝ።

«እርስዎ ግን፣ ጉሙን አይቻለሁ ብለውኝ ነበር» አልኳት በመጨረሻ።

«ምንም አላየሁም» አለች። «ያልኩሽ እንድትመጪልኝ ነው።»

በማግሥቱ እሬት ቆርጬ እግሯን ቀባሁ፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለልኩ። መርገጥ አልቻለችም። ሥራው ሁሉ በእኔ ላይ ወደቀ፤ እሷ ከምንጣፏ ሆና ታዝዛለች። በዶሮ ጩኸት «ተነሺ» ትለኛለች። ከእርሻው ጫፍ ሆኜ ጥላዬ እያጠረ ሲመጣ አየውና ድምፅዋ የሚሰማኝ ይመስለኛል፤ ዶማዬን አንሥቼ እመጣለሁ። ጋኑን እንዴት አሸዋ ውስጥ እንደምቀብር፣ በር ላይ እርጥብ ጨርቅ እንዴት እንደሚሰቀል፣ ውሃ በጉንጭ ሳይሆን በትንሽ በትንሽ እንዴት እንደሚጠጣ፣ ከወንዙ የሚመጣው ነፋስ የትኛው ሰዓት በየትኛው የዛፉ ወገን እንደሚያልፍ አሳየችኝ። መጋደምም ትምህርት አለው ለካ። እጅና እግርን ከሰውነት ማራቅ፣ መንጋጋን ማላላት፣ ለሐሳብም ጥላ መፈለግ። ያን የመጨረሻውን እስካሁን በደንብ አልቻልኩበትም።

እግሯ በቆሰለ በአምስተኛው ቀን ይመስለኛል፤ ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም፤ ወበቁ ከሁሉም ቀን የባሰበት ነበር። ቅጠል አይነቃነቅም። እግሯን እያራገብኩላት ሳለሁ ዓይኗን ሳትገልጥ ጠየቀችኝ።

«ያ ጉም ያልሽው። ምን ዓይነት ነገር ነው?»

«ደመና ነው እማማ፤ መሬት የወረደ።»

«ይነካል?»

«ይነካል፤ ግን አይያዝም።»

«ተናገሪ እስቲ።»

እኔ ወሬ የማውቅ ሰው አልነበርኩም። ግን ናፍቆኝ ስለነበር ከአፌ እየፈሰሰ መጣ። በሰኔና በሐምሌ ጉሙ በበር እንደ ሰው ሰተት ብሎ እንደሚገባ ነገርኳት፤ እቤት ውስጥ ሆነሽ እናትሽን በሳሏ ነው የምታገኚያት። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ እንደሚያድር፣ ስትረግጪው ቅርጭጭ እንደሚል። ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ በሁለት እጃቸው የተጠበሰ ድንች ይይዛሉ፤ ለመብላት ሳይሆን እጃቸውን ለማሞቅ፤ ሲደርሱና ሲቀዘቅዝ ይበሉታል። ዶሮዎች ላባቸውን ነፍተው ኳስ ይሆናሉ። ሽማግሌዎች ቆመው ሲያወሩ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ነው የሚያደርጉት፤ ሰላምታ ለመስጠት እንኳ ማውጣት ያሳሳቸዋል።

ዝም ስል ዙሪያዬን አየሁ። ሜሪፋ ምንጣፏን ጎትታ ተጠግታለች። ከእሷ ኋላ ሌሎች ሁለት ሴቶች አሉ። አባባ ፎምቤ በክርናቸው ተደግፈው ቀና ብለዋል።

«ታዲያ በዚያ ብርድ ሰው እንዴት ይታጠባል?» አለች ሜሪፋ።

«አይታጠብም።»

«ኧረግ! እንኳን ታጥበሽ መጣሽልን!»

ለመጀመሪያ ጊዜ አብሬያቸው ሳቅሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀትር በመጣ ቁጥር ሰው ወደ ሁመሩ ሥር ይሰበሰባል። «የት ላይ ነበር ያቆምሽው?» ይላሉ። የሚቆምበት ቦታ የለውም፤ ብርድ ነው፤ ግን እነሱ ቅደም ተከተል ይፈልጋሉ። አንድ ቀን በጣም በሚበርድበት ጠዋት ገንዳ ውስጥ ያደረ ውሃ ላዩ ላይ ስስ ቆዳ እንደሚያወጣ፣ በጣት ሲነኩት እንደሚሰበር፣ ሰውም ሲናገር ከአፉ ጭስ እንደሚወጣ ነገርኳቸው። አባባ ፎምቤ ተነሥተው ተቀመጡ።

«እስካሁን ታግሻለሁ» አሉ። «ጉሙም ይሁን፤ ድንቹም ይሁን። ውሃ ቆዳ አወጣ፤ ያለ እሳት ከሰው አፍ ጭስ ወጣ ስትል ግን ውሸት ነው። ልጅ ናት ብላችሁ ዝም አትበሏት።»

«እውነቴን ነው አባባ!»

«አንቺ ውስጥ እሳት ካለ ምን ብርድ ልብስ አስፈለገሽ?»

ሰዎች ሳቁ፤ እኔ ግን ከፋኝ። ያለኝ ነገር እሱ ብቻ ነበር፤ እሱንም ሐሰት ነው ሲሉብኝ ልቤ ተሰበረ። ልነሣ ስል ኛዛሎ እጄን ያዘች። በዚያ ወር ሰው ሰውን እንደማይነካ ነግሬያችኋለሁ።

«ፎምቤ» አለች፤ «ውሸት ነው እንበል። አላቀዘቀዘህም?»

ሽማግሌው አሰቡ። ክንዳቸውን ዳሰሱ። «እንደው… ትንሽ» አሉ።

«እንግዲያው ዝም ብለህ ስማ።»

የሜሪፋ ሕፃን በዚያ ሰሞን ሰውነቱ ሁሉ በሙቀት ሽፍታ ቀልቶ ነበር። ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት አልተኛም፤ ለቅሶው ደክሞ ደክሞ እንደ ድመት ልጅ ሆኗል። ሜሪፋ ራሷ ዓይኗ ጎድጉዷል፤ መቀለድ ትታለች። በአሥራ አንደኛው ቀን ይመስለኛል፤ ደመናው ተሰብስቦ እንደገና የተበተነበት፣ ሰው ሁሉ ተስፋ የቆረጠበት ቀትር ነው። ልጁን ከእሷ ተቀብዬ እርጥብ ጨርቅ ላይ፣ ጋኑ አጠገብ አስተኛሁት። ምን እንደማወራ አላሰብኩም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስለ አንድ ጠዋት ብቻ አወራሁ። ጉም ሞልቷል። ምንም አይታይም። አጥር የለም፣ ዛፍ የለም፣ መንገድ የለም። አንዲት ላም በሩቅ ደወሏን ታሰማለች። ጤዛ ከጣራው ክዳን ጫፍ ይንጠባጠባል፤ አንድ፣ ቆይቶ ሌላ። ማንም አይቸኩልም። ጉሙ ሁሉን ሸፍኖ፣ ሁሉን አርሶ፣ ሁሉን ዝም አሰኝቷል።

ልጁ በረጅሙ ተነፈሰ። ቀና ስል ሜሪፋ ተቀምጣ እንዳለች አንገቷ ተጋድሟል። አባባ ፎምቤ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። ሴቶቹ፣ ልጆቹ፣ ከጎተራው ሥር ያሉት ፍየሎች ሳይቀሩ ተኝተዋል። ኛዛሎ ፊቷ ላልቶ፣ የታሰረ እግሯ ወደ ጎን ወድቆ፣ ወጣት ሴት መስላለች። ከዛፉ ሥር የነቃሁት እኔ ብቻ ነኝ። ካቆምኩ የሚነቁ መስሎኝ ማውራቴን ቀጠልኩ፤ ለተኙ ሰዎች፤ ስለ ጤዛው፣ ስለ ላሟ ደወል። ከምናገረው ጋር እኔም እየራቅኩ ሄድኩ። ያ የማሳው ጉም ሊወስደኝ ነበር የመጣው፤ ይሄኛው ግን ከእነሱ ጋር አስቀመጠኝ።

ዳምሶን የደረሰው በዚያች ሰዓት ነው። የተጨሰ አምባዛ በእንጨት ተሸክሞ ከአጥሩ ጥግ ብቅ አለና ደንግጦ ቆመ። መንደሩ በሙሉ ወድቋል፤ የእናቱ እግር በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ሚስቱ ብቻዋን ታወራለች። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። በጫማው ጫፍ እየረገጠ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና በሹክሹክታ «ምን ሆናችሁ?» አለኝ።

«ተኝተው ነው።»

«እያወራሽ የነበረው ለማን ነው?»

«ለነሱ።»

ከጠረኑ የረግረጉ ሽታ ደረሰኝ፤ ጭቃ፣ ዓሣና ጭስ። አልጠላሁትም።

ሲመሽ ሁሉን ነገርኩት፤ ማሳውን፣ ወንዙን፣ እግሯን፤ ምንም አልደበቅኩም። የእናቱን የታሰረ እግር በእጁ ዳሰሰ። ከዚያ ቀና ብሎ «ሰኔ ሲመጣ ወደ ዴድዛ እንውሰድሽ፤ ጉሙን በዓይንሽ እይው» አላት። እኔም «አዎ እማማ፤ እናቴ በጣም ነው ደስ የሚላት» አልኩ።

ኛዛሎ ራሷን ነቀነቀች።

«እኔ እዚያ ሄጄ ምን ልሁን? ብርዱ ያመኛል፤ ውርጩ እግሬን ይቆርጠዋል። እዚህ ግን ጥሩ ነው። ልክ በሚያስፈልገኝ ሰዓት ነው የሚመጣው።» ቆይታ ደግሞ «አንቺ ሂጂ፤ እናትሽን እይ። ግን ለዝናቡ ተመለሺ» አለችኝ። ተመለሺ ያለችኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። ሄጄ እንድቀር የምትፈልግ መስሎኝ ነበር የኖርኩት።

ዝናቡ የመጣው ከስድስት ቀን በኋላ፣ ሐሙስ ከሰዓት ነው። አላሟሟቀም። ከወንዙ ማዶ ቡናማ ግድግዳ ተነሣ፤ ነፋሱ ምንጣፎቹን አስነሥቶ አጥር ላይ ሰቀላቸው፤ ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች እንደ ጠጠር አቧራው ላይ ወደቁ። መሬቱ ሽታውን ለቀቀ። ሰው ሁሉ ከጥላው ወጥቶ ሜዳ ላይ ቆመ፤ ሜሪፋ ልጇን እያወዛወዘች፣ ፎምቤ ኮፍያቸውን አውልቀው። ዳምሶን እናቱን አዝሎ አወጣት። «አውርደኝ እንጂ፣ ልጅ አደረግከኝ!» እያለች ትከሻውን ትመታዋለች፤ ግን ፊቷን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋ አፏን ከፍታለች። እኔን አንቀጠቀጠኝ። እነሱንም አንቀጠቀጣቸው፤ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ይስቃሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ማሽላውን ዘራን። ኛዛሎ ምርኩዝ ይዛ እያነከሰች መጣች፤ ከማሳው ጫፍ ተቀምጣ «ጠለቅ አድርጊው! ለወፍ ነው የምትዘሪው?» ትለኛለች። «እማማ፣ መጥተው ይዝሩት ታዲያ!» እላታለሁ። እንደዚህ መመለስ ከጀመርኩ በኋላ ነው ቤቱ የእኔ የሆነው። ያ ማሽላ ዘግይቶ ተዘራ፤ ግን ደረሰ። እግሯም ዳነ፤ ቀኙ ብቻ ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዛት ነበር፤ «ብርድ» የምትለው እዚያ አገር ሌሊት ትንሽ ሲነፍስ ነው።

በዚያ የመዝራት ቀን ማታ፣ ከእርጥቡ መሬት ክንፍ ያወጣ ምስጥ እንደ ጭስ ተነሣ። ልጆቹ በባልዲ ውሃና በፋኖስ ያጠምዱታል፤ እኛ ክንፉን አራግፈን በብረት ምጣድ ላይ በጨው እንቆላዋለን። ሁላችንም ከአንድ ሰሃን፣ በትኩስ ንሲማ፣ በበቆሎ ገንፎ፣ ጣታችን እየተቃጠለ በላን። ሰውነታችን ቀዝቅዞ ስለነበር ተጠጋግተን፣ ትከሻ ለትከሻ ተነካክተን ነው የተቀመጥነው፤ ማንም «ራቂልኝ» አላለም።